የተመለሰ ላምባ

ያኔ ነፋስ ስልክ ውስጥ ላምባ ያለው ሰው ጌታ ነበር። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ዘመኑ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ከወጣች ወዲህ ነዳጅ የሚገባው በአሰብ በኩል ብቻ ሆኗል። ኢራቅ ኩዌትን ወረረችና የነዳጅ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ጣራ ነካ። ሩስያም እንደ ድሮው በወዳጅነት አልሰጥም ብላለች ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። የቀበሌው ሱቅ ወረፋ ላይ አንዱ "ሩስያ እኮ..." ብሎ ሲጀምር ከኋላው ያለው ይስላል፤ ጆሮ ያለው ሰው ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። በኅዳር ምን ዝናብ አለ!

ጭማሪው በሬዲዮ በተነገረ ማግስት ታክሲው ጨመረ፣ ዳቦው አነሰ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ "ናፍጣ የለም" የሚል ካርቶን ተንጠለጠለ። የቤት መኪኖች በየግቢው ቆመው ዶሮ ማደሪያ ሆኑ። ላምባ ደግሞ ጨመረ እንኳ አይባልም፤ ጠፋ እንጂ። በራሽን ካርድ በወር አንዴ ይታደላል ይላሉ። ሰዉ ጀሪካኑን ከጎረቤቱ ጀሪካን ጋር በገመድ አስሮ ወረፋ ያሲዝና ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ቀን የሱቁ ሰውዬ ብቅ ይልና "ቦቴው አልገባም" ይላል። አለቀ። ጀሪካንን ፈትቶ ወደ ቤት ነው።

የገበያነሽ ቤት ግን ላምባ አይጠፋበትም። ባሏ በኃይሉ የቦቴ ሹፌር ነው፤ ከአሰብ ቤንዚን እየጫነ ይመጣል። ድርጅቱ ለሹፌሮቹ በየጉዞው አንድ ጀሪካን ላምባ ለቤታቸው ይፈቅድላቸዋል፤ ሃያ ሊትር። ሌላዋ ብትሆን አልጋ ሥር ደብቃ በጠርሙስ በጠርሙስ ትቸበችበው ነበር። ገበያነሽ ግን ሞኝ ናት። ሞኝ ማለቴ በፍቅር ነው። በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በጣሳ እየቀዳች ለጎረቤቱ ሁሉ በነጻ ትሰፍራለች። "ገብዬ፣ ለልጆቼ ሻይ ማፍያ"፣ "ገብዬ፣ እኔንም አትርሺኝ" ሲሏት ፊቷ ይበራል። "በኃይሉ ይምጣልኝ እንጂ ለናንተ አንሶ ነው!" ትላለች ወገቧን ይዛ። መፈለግ ትወዳለች። ይቺ ናት ጥፋቷ፣ ሌላ ጥፋት የላትም።

በኃይሉ በደብረ ዘይት መንገድ ሲመጣ ነፋስ ስልክ ላይ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ ረዘም፣ አንዴ አጠር አድርጎ ይነፋል። ቦቴውን ማስረከብ ስላለበት አይቆምም፤ ለገበያነሽ "ውሃ ጣጂ" ማለቱ ነው። ሰፈሩ ደግሞ በሌላ ይተረጉመዋል። ክላክሱ እንደተሰማ ከየቤቱ ጠርሙስ መንቃጨል ይጀምራል።

ያን ጊዜ በኃይሉ ከሄደ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። ጉዞው፣ መኪኖች በወታደር ታጅበው የሚሄዱበትን ኮንቮይ መጠበቁ ተጨምሮ፣ ቢበዛ አሥር ቀን ይፈጃል። ገበያነሽ ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። የምትፈራው መንገዱን ብቻ አይደለም፤ የላከችበትንም ሁኔታ ነው። ምክንያቱም ያለወትሮዋ፣ ታሞ እያየችው፣ በገዛ አፏ ነው ሂድ ያለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኃይሉ ከቀደመው ጉዞ የተመለሰው ትኩሳት ይዞት ነው። ቆላው የታወቀ የወባ አገር ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ወንበር አውጥቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። በአራተኛው ቀን ተሻለው፤ በአምስተኛው ቀን የስምሪት ክፍሉ "ነገ ትወጣለህ" ብሎ ላከበት።

"ገበያ፣ ይቺን ጉዞ ልለፋት መሰለኝ" አለ። "ጉልበቴ አልተመለሰም። ሐኪሙ ወረቀት ይሰጠኛል።"

ገበያነሽ እቃ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። "ትናንት ምሳህን ጥርግ አድርገህ በልተህ የለ? ደግሞ ለእትዬ ቀመሪያ ቃል ገብቻለሁ። ልጃቸው ወልዳ አራስ ቤት ናት፣ ሕፃን የሚያጥቡበት ውሃ ማሞቂያ የላቸውም። እቤታቸው ሄጄ 'በኃይሉ ሲመለስ የመጀመሪያው ጠርሙስ የናንተ ነው' ብያለሁ። አሁን ምን ብዬ ልቅር? ሰው ምን ይለኛል?"

በኃይሉ ሳቀ። አይ በኃይሉ! መቆጣት አያውቅም። "እሺ፣ የላምባ ሚኒስትሯ" አለ። "ሚኒስትር ካዘዘማ ምን ይደረጋል።" በማግስቱ ጀሪካኑን ራሱ አንጠልጥሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ እስከ አስፋልቱ ትሸኘዋለች። ያን ዕለት ወጥ ጥዳ ስለነበር ከበሩ ላይ "በሰላም ግባ" ብላ ተመለሰች። ለወጥ!

አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ይቺን ነው በልቧ የምታመላልሰው። ወረቀት ይሰጠኛል ብሎ ነበር። ወረቀቱን ይዞ እዚህ ጋቢው ውስጥ ቢተኛ ኖሮ ምን ይጎድላል? አንድ ጠርሙስ ላምባ። "ብቻ ይግባልኝ" ትላለች፣ "ብቻ በእግሩ ይግባልኝ፣ ሁለተኛ ስለ ላምባ ትንፍሽ አልልም።"

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ክላክሱ ጮኸ። ሁለቴ ረዘም፣ አንዴ አጠር።

"እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!" ገበያነሽ የያዘችውን ጣለችው። መጥረጊያ ይሁን ሌላ አላየችም። ውሃ ጣደች፣ ንጹሕ ሸሚዝ ከሣጥን አወጣች፣ ጋቢውን አራግፋ ፀሐይ ላይ ዘረጋች። እንደገና ሸሚዙን አጣጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው። በሩ ላይ ሰፈሩ መሰብሰብ ጀምሯል። ልብስ ሰፊው በንቲ ሁለት ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ ከፊት ቆሟል። አስቴር አለች፤ አስቴር ማለት የሚሰፈርላት ሁሉ ጎደለ የምትል፣ ጠርሙሷን ወደ ፀሐይ ይዛ መስመሩን የምትለካ ጎረቤት ናት። "ዛሬስ እስከ አንገቱ ነው ገብዬ፣ ባለፈው ሸውደሽኛል" አለች ገና ጀሪካኑ ሳይታይ። ሰው ሳቀ። ገበያነሽ ከሁሉም በላይ ሳቀች። በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሰው ከአስፋልቱ ቁልቁል ሲመጣ ታየ። ጀሪካኑን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ሙሄ ነው፤ ስምንት ዓመት አብሮት የሠራ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው የበኃይሉ ረዳት፣ የእትዬ ቀመሪያም ታናሽ ወንድም። ብቻውን ነው።

"እሱስ?" አለች ገበያነሽ።

ሙሄ ጀሪካኑን አወረደ። ላቡን ጠረገ። "መንገድ ላይ፣ ሚሌ ቀርቷል እትዬ። ያ ትኩሳት ተመለሰበት። ክሊኒክ ተኝቷል። ቦቴውን እኔ አምጥቼ አስረከብኩ።"

"ተኝቷል? ጠንቶበት ነው? ይበላል?"

"ይበላል" አለ ሙሄ። ጀሪካኑን ነው የሚያየው። "ይበላል፣ እህ... ይሻለዋል። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ።"

ገበያነሽ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ደነገጠች፤ ግን የፈራችው ከዚህ የከፋ ነበርና እፎይም አለች። ታሞ መተኛት ምንድነው? ሰው ይታመማል፣ ይድናል። ክሊኒክ ካለ መድኃኒት አለ። "ነገ ከሄድክማ ጋቢውን ትወስድለታለህ" አለች። "በሶም አዘጋጃለሁ። ማር አለኝ። ሌሊት እንደሚበርደው ታውቅ የለ? ሙሄ፣ ነገ በጠዋት ሳታየኝ እንዳትሄድ!"

"እሺ" አለ ሙሄ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ እህቱ ቤት ገባ። የእትዬ ቀመሪያ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው።

ገበያነሽ ጣሳዋን አነሳች። የመጀመሪያውን ጠርሙስ እንደ ቃሏ ለአራሷ ሞላችና በአጥሩ ላይ ለእትዬ ቀመሪያ አቀበለች። ቀጥሎ ለበንቲ ሰፈረች። ለአስቴር እስከ አንገቱ ሞላችላት፤ አስቴር ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ይዛ አየችውና "ኧረ እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ ጉድ ነው። ሰዉ እየመረቀ፣ "በኃይሉን ይማርልሽ" እያለ ተበተነ። ጀሪካኑ ወደ ግማሽ ወረደ። ገበያነሽ ገብስ አውርዳ ለበሶ መቁላት ጀመረች። ደጋግማ ለራሷ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ሲመጣ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ከምሳ በኋላ በንቲ ተመለሰ። ሁለቱን ጠርሙስ እንደተሞሉ ይዟል።

"ገበያነሽ፣ ይሄን ያዢው" አለ። "ቡታጋዜ ተበላሽቶብኝ... ክሩ አልቋል። እስኪሠራ ድረስ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ።"

"ታዲያ ጠርሙሱ ቤትህ ቢቀመጥ ቡታጋዝህ ይቆጣል?"

በንቲ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቀ። ጠርሙሶቹን መድረኩ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። ገበያነሽ ግራ ገባት፤ ቢሆንም የወንደላጤ ነገር ነው ብላ ተወችው።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሴትዮ መጣች። ከሰል አገኘሁ አለች። ከሰል! ከሰል ከላምባ ብሶ በጠፋበት ጊዜ! ጠርሙሷን አስቀምጣ፣ ገበያነሽን ያለ ወጉ ሁለት ጉንጯን ስማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ሌላዋም መጣች፤ ባሌ ከመሥሪያ ቤት አመጣልኝ አለች። ባሏ መሥሪያ ቤት የለውም፣ ጡረተኛ ነው። ገበያነሽ ጠርሙሶቹን ደርድራ ቆማ አየቻቸው። "ምን ሆነዋል እነዚህ ሰዎች?" አለች። "ላምባው ውሃ ተቀላቅሎበት ነው እንዴ?" አንዱን ከፍታ አሸተተች። ደህና ላምባ ነው።

ከዚያ አስቴር መጣች።

አስቴር ያመጣችው አንድ ጠርሙስ አይደለም። ገበያነሽ የሞላችላትን ጠርሙስ በአንድ እጇ፣ የራሷን የራሽን ላምባ ደግሞ በትንሿ ቢጫ ጀሪካን በሌላው እጇ ይዛለች፤ ለሰው አሳይታው የማታውቀውን፣ ከሰኔ ጀምሮ ቆልፋበት የኖረችውን። ሁለቱንም አስቀመጠች። ምክንያት እንኳ አላዘጋጀችም። "ይሄም ይሁንሽ" አለች። "ያስፈልግሻል።" ዘወር ብላ እየሮጠች ማለት ይቻላል ሄደች።

ገበያነሽ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። ምጣዱ እሳት ላይ ነው፤ ገብሱ ማረር ጀምሯል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። አልተነሳችም።

ያስፈልግሻል። ለምን? ለሁለት ሰው ቤት፣ ለእሷና ለስምንት ዓመት ልጇ ለፅጌረዳ፣ ይሄ ሁሉ ላምባ ለምን ያስፈልጋል? ይሄ ሁሉ ላምባ የሚያስፈልገው ቤት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ድንኳን የሚተከልበት፣ ፋኖስ ሌሊቱን የሚያድርበት፣ ለሦስት ቀን ለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቀልበት ቤት። እሷ ራሷ አምና ለጎረቤት ለቅሶ ጀሪካኗን ይዛ አልሄደችም? መርዶ ደግሞ በቀን አይነገርም። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ ቤቱን ከብበው ነው የሚያረዱት። እስከዚያው ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ፣ የለቅሶው ባለቤት ብቻ ሳታውቅ፣ እህል ቀምሳ ትተኛለች። ደግ ልማድ ነው። ሰዉም ደግ የሠራ መስሎት፣ ለነገው ለቅሶ ቤቷ ባዶ እንዳይሆን ብሎ የወሰደውን መለሰ። በዚህ ወር ላምባ የሚመልስ ሰው እንደሌለ ግን አንዱም አላሰበም።

"አይደለም" አለች ገበያነሽ ጮክ ብላ። "አይደለም። የእትዬ ቀመሪያ አልተመለሰም። ለአራሷ ያስፈልጋታል፣ እሳቸው አይመልሱም።"

ይሄን ተስፋ ይዛ ጥቂት ቆየች። ሩብ ሰዓት ትሆናለች። ከዚያ የአጥሩ በር ተከፈተ፤ እትዬ ቀመሪያ ጠርሙሱን በሻሻቸው ሸፍነው ገቡ።

ገበያነሽ አላስጨረሰቻቸውም። "እትዬ ቀመሪያ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። በኃይሉ ሞቷል?"

አሮጊቷ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ምኑን አውቄ" አሉ፤ "ያ ረቢ፣ እኔ ምኑን አውቄ። ጋሽ ገሠሠ ነገ ጎሕ ሲል ነው ያሉት። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ልጄ፣ ምንም አላልኩሽም በይ፣ በአላህ ምንም አላልኩሽም በይ..." ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አቅፈው ያለቅሳሉ።

ጋሽ ገሠሠ የእድሩ ዳኛ ናቸው። እንግዲህ ዳኛው ካወቁ ነገሩ ያለቀ ነው። ገበያነሽ አልጮኸችም። ተነስታ፣ ያረረውን ገብስ ከእሳት አውርዳ፣ በአጥሩ በር ወደ እትዬ ቀመሪያ ግቢ ገባች። ሙሄ ከቤቱ ኋላ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያያት ከወገቡ ተነሳና መልሶ ተቀመጠ።

"ንገረኝ" አለች።

"እትዬ፣ ሽማግሌዎቹ..."

"ሽማግሌዎቹ እዚያ አልነበሩም። አንተ ነበርክ። ንገረኝ።"

ነገራት። ሚሌ ላይ ኮንቮዩ ታገደ። ወደ ፊት መንገዱ ሰላም የለውም፣ አንድም ከባድ መኪና አይንቀሳቀስም ተባለ። በሁለተኛው ቀን በኃይሉ ራሱን ሳተ። የክሊኒኩ ድሬሰር አይቶት፣ ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል፣ ደሴ ካልደረሰ አይተርፍም አለ። ያለ ኮንቮይ ማለፍ የሚፈቀድላት የክሊኒኩ አምቡላንስ ብቻ ናት። አምቡላንሷ ደህና ናት፣ በሩ ላይ ቆማለች። ቤንዚን ግን የላትም፤ የቦቴዎቹ ሞተር ናፍጣ ደግሞ አይሆናትም።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብታ አላየችም" አለ ሙሄ። "እኛ ሠላሳ ሺህ ሊትር ቤንዚን ይዘን አጠገቧ ቆመናል እትዬ! ከዚህ እስከዚያ አጥር ድረስ ነው ርቀቱ።"

"ታዲያ?"

"ታሽጓላ። ማሸጊያው ከተነካ አሻጥር ነው። አምና አምስት ሊትር የቀዳ ሹፌር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የኮንቮዩን አዛዥ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ትእዛዝ ከአዲስ አበባ ይምጣ አለ። እኔ ፒንሳ ይዤ ቦቴው ላይ ወጣሁ። እጄን ማሸጊያው ላይ አደረግኩ፤ ወላሂ አደረግኩ። አንድ ወታደር ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለኝም እኮ! እኔ ነኝ የወረድኩት። ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ፈራሁ።" ፊቱን በመዳፉ መታ። "ትእዛዙ መጣ። በማግስቱ፣ ከቀበርነው በኋላ። ቆላ ነው፣ አያቆይም፣ እዚያው ቀበርነው። ዛሬ ደግሞ እዚህ ስደርስ እጄ ለምዶ ክላክሱን ነፋ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እንደነፋሁት ብሞት ተመኘሁ።"

ገበያነሽ ቆማ ሰማችው። አልሰደበችውም፣ አላጽናናችውም። እሷም ፈሪ ባትሆን ኖሮ፣ ሰው ምን ይለኛል ባትል ኖሮ ባሏ እቤቱ ነበር። ከማን ጋር ትጣላ?

"የተናገረው ነገር አለ?" አለች።

ሙሄ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

"ሙሄ!"

"ሌሊቱ ላይ አንዴ ዐይኑን ገለጠ። 'ጀሪካኑን እንዳትረሳ' አለኝ። 'ገበያ ለሰው ቃል ገብታለች፣ እንዳታፍርብኝ' አለኝ።"

ያኔ ገበያነሽ ግንቡን ይዛ ተቀመጠች፣ አፏን በነጠላዋ ጠቀጠቀችው። "እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች በመጨረሻ። "ወረቀት ይሰጠኛል ብሎኝ ነበር። ለሁለት ጣሳ ላምባ ላክሁት። አይቼው እንኳ አልሸኘሁትም እኮ፣ ሙሄ! ፊቱን እንኳ አላየሁትም!" እትዬ ቀመሪያ ከኋላዋ መጥተው አቀፏት። "እንዲህ አይባልም ልጄ፣ እንዲህ አይባልም" ይሏታል፤ እሳቸውም ለልጅ ልጃቸው ማጠቢያ የተሄደ ጉዞ መሆኑን ያውቃሉ። ሦስቱም እዚያ ግንብ ሥር ብዙ ቆዩ። ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል።

ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ጫጫታ በመንገዱ ሲሰማ ገበያነሽ ቀና አለች። ፊቷን ጠረገች።

"ፅጌረዳ ሰምታለች?"

"የለም፣ ማን ይነግራታል" አሉ እትዬ ቀመሪያ። "ነገ ከአንቺ ጋር ነው የምትረዳው።"

"እንግዲያው እኔም አልሰማሁም" አለች ገበያነሽ። "እትዬ ቀመሪያ፣ ምንም አላሉኝም። ሙሄ፣ አላየኸኝም። ሽማግሌዎቹ ነገ ይምጡና ያርዱን፤ ያን ጊዜ እጮኻለሁ፣ መሬቱም ይችለኝ እንደሆነ እናያለን። ልጄ ግን ዛሬ አባት አላት። አንድ ማታ ነው፣ አልነጥቃትም።" ከዚያ ከእትዬ ቀመሪያ እጅ ጠርሙሱን ወስዳ፣ እዚያው አራስ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠችው። "ይሄ አይመለስም። ሕፃኑን እጠቡበት።"

ፅጌረዳ ቦርሳዋን እያንገላታች ገባች። ቤት ውስጥ ገብታ፣ ጓዳ ገብታ፣ ተመልሳ ወጣች። "አባባ የት አለ? ክላክሱን እኮ ከክፍል ሰማሁት! ለአስተማሪዬ ሁሉ 'አባቴ መጣ' አልኳት!"

"ሙሄ ነው ነድቶ ያመጣው" አለች ገበያነሽ። "አባባ ሚሌ ነው ያለው።" ውሸት አልተናገረችም። ለልጇ ውሸት መናገር አትችልበትም።

"አሞት ነው?"

"አሞት ነበር።"

ልጅቷ ከንፈሯን ጣለች፤ ግን ልጅ ናት፣ ርቧታል። ገበያነሽ ቡታጋዙን ለኮሰች፤ እንቁላል ጠበሰችላት፣ ሁለት፤ በአዘቦት ቀን ሁለት እንቁላል ተሰጥቷት አያውቅም። ፅጌረዳ እየበላች የሒሳብ ደብተሯን ገልጣ አሳየቻት፤ ከአሥር ዘጠኝ አግኝታለች። ገበያነሽ ገጹን ያዘች። ቁጥሮቹ ይደበላለቁባት ነበር። "ጎበዝ" አለች። "ጎበዝ የኔ ልጅ።" በውጭ፣ ከጋሽ ገሠሠ ቤት በኩል፣ የድንኳን ብረት ሲወርድ ይንቋቋል፤ ወንዶቹ "ቀስ!" ይባባላሉ። ገበያነሽ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

"ምንድነው የሚንኳኳው?"

"እንጃ። የሰው ሥራ ይሆናል። ነይ፣ እግርሽን ልጠብሽ።"

በደንብ በሞቀ ውሃ አጠበቻት። ላምባው ሞልቷል፤ ማን ይቆጥባል። ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸችላት፣ ፀጉሯን ፈትታ እንደገና ጎነጎነችው። ልጅቷ መደሰቷን አልደበቀችም፤ እናቷ እንዲህ ጊዜ ኖሯት አያውቅም። አልጋ ውስጥ ከገባች በኋላ ተነስታ ተቀመጠች፤ ጸሎቷን ረስታ ነበር። አማተበች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ በየማታው እንደምትለው ድምጿን ከፍ አድርጋ አለች።

"እግዚአብሔር ሆይ፣ እማዬን ጠብቅልኝ። አባባን ከመንገድ በሰላም መልስልኝ።"

እጇን እንደዘረጋች ጠበቀች። በዚህ ቤት ልጅ ሲጸልይ እናት ናት አሜን የምትለው። ፅጌረዳ አንድ ዐይኗን ገልጣ እናቷን አየቻት።

"እማዬ፣ አሜን በይ እንጂ!"

ገበያነሽ የአልጋውን ጠርዝ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

"አሜን" አለች።